ሩብ ሰከንድ፦ ብረት፣ ዝላይና የኮሌጅ ሴት ስፖርተኞች

እ.ኤ.አ. በ1969 የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቦይድ ኤፕሊ የሚባል ወጣት ለተጫዋቾች ብረት ማንሳትን እንዲያስተምር ቀጠረ። ኤፕሊ ራሱ የምርኩዝ ዝላይ ተወዳዳሪ ነበር፤ ጀርባውን ተጎድቶ ብረት ቤት ሲመላለስ፣ እዚያው ከጉዳታቸው የሚያገግሙ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች እሱን እያዩ መሥራት ጀመሩ፤ ወደ ሜዳ ሲመለሱም ከመጎዳታቸው በፊት ከነበሩበት ጠንክረው ተገኙ። ዋና አሰልጣኙ ቦብ ዴቫኒ ነገሩን የፈቀዱት ግን በአንድ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ አንድ ተጫዋች እንኳ ፍጥነቱ ከቀነሰ ኤፕሊ ይባረራል። በዚያ ዘመን ብረት የሚያነሳ ሰው ይደነድናል፣ ይዘገያል ተብሎ ይታመን ነበር። ኤፕሊ አልተባረረም። እንዲያውም በ1978 የአሜሪካ የጥንካሬ አሰልጣኞችን ማኅበር የመሠረተው በዚያው በሊንከን ከተማ ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ኦገስት 30 ቀን 2023 የሴቶች መረብ ኳስ ጨዋታ ለማየት 92,003 ሰው ገባ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ብዙ ነገር ተቀይሯል። በ1972 የወጣውና ታይትል ናይን በመባል የሚታወቀው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በፆታ ማግለልን ከለከለ፤ የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤም ከ1981 ጀምሮ ለሴቶች ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሂዳል። የዴቫኒ ሥጋት ግን አልጠፋም፤ መልኩን ቀይሮ ወደ ሴቶቹ ተዛወረ። በቨርጂኒያም ይሁን በሚኒሶታ ልጁን ለመረብ ኳስ ቡድን የሰጠ ወላጅ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ ብረት ካነሳች ሰውነቷ አይገዝፍም? ከከበደች ደግሞ እንዴት ትዘላለች?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የሚዘል ሰው የሚያነሳው የገዛ ክብደቱን ስለሆነ፣ የተጨመረ ኪሎ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። ሊመለስ የሚችለው ግን በአስተያየት ሳይሆን በሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ከባድ አይደለም።

እግሯ ወለሉን ከለቀቀ በኋላ አንዲት ተጫዋች በከፍታዋ ላይ የምትጨምረው ነገር የለም። በለቀቀችበት ቅጽበት የነበራት ፍጥነት ሁሉን ወስኖታል። ያንን ፍጥነት፣ በሜትር በሰከንድ ለክተን፣ በራሱ አባዝተን ለ19.62 ብናካፍለው የሰውነቷ ሚዛን ነጥብ ስንት ሜትር እንደሚወጣ እናገኛለን። 40 ሴንቲ ሜትር ለመዝለል 2.80 ሜትር በሰከንድ ያስፈልጋል፤ 45 ሴንቲ ሜትር ለመዝለል 2.97። ከፍታውን በ12 በመቶ ተኩል ለማሳደግ የሚጠየቀው የፍጥነት ጭማሪ 6 በመቶ ብቻ ነው። ለሴቶች መረቡ 2.24 ሜትር ላይ በሚወጠርበት ስፖርት አምስት ሴንቲ ሜትር ማለት ኳሷን ከተከላካይዋ ጣት በላይ መምታትና እጇ ላይ መምታት የሚለያዩበት ርቀት ነው።

አሁን ወደ ወለሉ እንውረድ። ተጫዋቿ 70 ኪሎ ትመዝን፤ ዝቅ ካለችበት ቦታ ተነስታ የእግሯ ጣት ወለሉን እስኪለቅ ድረስም ሰውነቷ 39 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይጓዝ እንበል። 40 ሴንቲ ሜትር ለመዝለል በዚህች አጭር መንገድ ወለሉን በአማካይ 1,390 ኒውተን በሚሆን ኃይል መግፋት አለባት፤ 142 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ከ42 ኪሎ ወለሉን የሚጫነውን ያህል። ይህን የምታደርግበት ጊዜ 0.28 ሰከንድ ነው። 45 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ አማካይ ግፊቷ ወደ 151 ኪሎ ማደግ አለበት። ጊዜው ደግሞ ወደ 0.26 ሰከንድ ይወርዳል፤ ያንኑ መንገድ በበለጠ ፍጥነት ስለምትጨርሰው ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ ከፍ ብሎ ለመዝለል ተጨማሪው ኃይል ከበፊቱ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት።

የወላጁ ጥያቄም መልሱን ያገኘው እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ነው። በዚህ ምሳሌ ተጫዋቿ አንድ ኪሎ ብትጨምር፣ ያንኑ 40 ሴንቲ ሜትር ለመዝለል አማካይ ግፊቷ በሁለት ኪሎ ገደማ ማደግ አለበት። ሁለት ኪሎ ጡንቻ ብታበጅ አራት ኪሎ ግፊት ዕዳ ገባች ማለት ነው። ብረት አንስታ የማታውቅ የ18 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ዓመት በትከሻዋ ተሸክማ ቁጭ ብድግ የምትልበትን ክብደት በ20 ኪሎ ብታሳድግ አሰልጣኝ አይደነቅም። ዕዳውና ገቢው የሚቀራረቡ አይደሉም።

እዚህ ላይ ግን መፍጠን አይገባም። በቁጭ ብድግ የተገኘው 20 ኪሎ እንዳለ ወደ ዝላይ አይሻገርም። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርኪባልድ ሂል በ1938 በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ያሳየው ሕግ ይከለክለዋል፤ ጡንቻ በፈጠነ መጠን የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል። ከባድ ብረት የተሸከመች ልጅ ከታች ለመነሳት ሁለት ሦስት ሰከንድ ልትወስድ ትችላለች። ዝላይ ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ጡንቻ ከዕረፍት ተነስቶ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ከ0.3 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ ተጫዋቿ ደግሞ ያን ጊዜ አየር ላይ ናት።

ታዲያ በቀስታ የሚነሳ ብረት ለፈጣን ዝላይ ለምን ይጠቅማል? አንደኛው ምክንያት ነርቭ ነው። ጡንቻ የተሠራው በነርቭ ከሚታዘዙ ብዙ የጡንቻ ክር ጥቅሎች ሲሆን፣ ትልልቆቹና ፈጣኖቹ ለቀላል ሥራ አይነሱም፤ የሚጠሩት መጨረሻ ላይ፣ ጭነቱ ሲከብድ ነው። ከባድ ክብደት ያልለመደ ሰው እነሱን በሙሉ መጥራት አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጥንካሬ ዕድገት በአመዛኙ ጡንቻው ስለገዘፈ ሳይሆን ይህ ጥሪ ስለተሻሻለ ነው፤ ብረቱ በቀስታ ቢነሳም ትእዛዙ በሙሉ ኃይል የተላከ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ድርሻ ነው። የገዛ ክብደቷ ከአቅሟ ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር እያነሰ በሄደ መጠን እሱን በፍጥነት ለመወርወር የሚተርፋት ኃይል ይበዛል።

በሴት ተጫዋቾች ዘንድ ብረት ለዝላይ የሚሰጠው ይህ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ጡንቻቸው ሌላ ዓይነት ስለሆነ አይደለም። እኩል ስፋት ያለው የሴትና የወንድ ጡንቻ የሚያወጣው ኃይል ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ በአብዛኛው የመጠን ነው። ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በወንዶች ደም ውስጥ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚበዛ የሴቶች ጡንቻ የሚገዝፈው በመጠኑ ነው። በመቶኛ ሲሰላ ግን የጥንካሬ ዕድገታቸው ከወንዶቹ አያንስም። እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ልዩነት ያለው ከሰውነት ውጪ፣ በታሪክ ውስጥ ነው። ወንዱ ልጅ ብዙውን ጊዜ ብረት ቤት የሚገባው ገና በሁለተኛ ደረጃ ሲሆን፣ ብዙ ሴት ልጆች ግን ዓመቱን ሙሉ በክለብ ጨዋታ ተይዘው፣ በሺህ የሚቆጠር ዝላይ ዘለው፣ ዘንግ ሳይሸከሙ ኮሌጅ ይደርሳሉ። የዝላይ ልምድ ሞልቷቸዋል፤ የጎደላቸው የሚዘሉበት መሠረት ነው።

ዊልያም ክሬመርና ባልደረቦቹ በ2000 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ መስኮት ነው። 24 የኮሌጅ ሴት የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾችን በሦስት ከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ብረት አላነሳም፣ ሁለተኛው በየእንቅስቃሴው አንድ አንድ ዙር እየሠራ ያልፋል፣ ሦስተኛው ክብደቱና ድግግሞሹ በዕቅድ እየተለዋወጠ ብዙ ዙር ይሠራል። ዘጠኝ ወር ቀጠሉ። አንድ ዙር የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ጠንክረው እዚያው ቆሙ። ሦስተኛው ቡድን እስከ መጨረሻው ማደጉን አላቋረጠም፤ የሰርቪስ ፍጥነታቸውም ጨመረ። የሰውነት ክብደታቸው ግን በሦስቱም ቡድኖች ትርጉም ያለው ለውጥ አላሳየም፤ በሦስተኛው ቡድን ስብ ቀንሶ ሥጋ በቦታው ተተካ። ዘጠኝ ወር በትጋት የሠሩ ሴቶች ሚዛን ላይ ያው ናቸው። መግዘፍን ለሚፈራ ወላጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ለአሰልጣኙም ትምህርት አለው፤ ለማዳረስ ያህል የሚሠራ ብረት በአራት ወር ጥቅሙ ያልቃል።

ጥንካሬ ይቅደም ወይስ ፍጥነት የሚለው ክርክር በአሰልጣኞች መካከል አላለቀም። ፕሩ ኮርሚና ባልደረቦቿ በ2010 ያወጡት ሙከራ ለክርክሩ የሚጠቅም ይመስለኛል። ጥንካሬያቸው ዝቅተኛ የሆነ ወንዶችን ለአሥር ሳምንት አንዱን ቡድን ከባድ ቁጭ ብድግ፣ ሌላውን ቀላል ክብደት ይዞ በፍጥነት መዝለል አሠሩ። የሁለቱም ቡድኖች ዝላይ በተመሳሳይ መጠን አደገ፤ ብረት ያነሱት ግን በተጨማሪ ጠንካራ ሆኑ። ተሳታፊዎቹ ወንዶች ቢሆኑም ነጥቡ ስለ ፆታ ሳይሆን ስለ ጀማሪነት ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ደካማ መሠረት ላላት ልጅ ሁለቱም መንገዶች ዝላይ ይሰጣሉ፤ አንደኛው ግን ለቀጣዩ ዓመት የሚሆን ስንቅም ያስቀምጣል።

ይህ ለዘለዓለም አይሠራም። የሰውነቷን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ተሸክማ ቁጭ ብድግ የምትል ተጫዋች ሌላ 10 ኪሎ ብትጨምር ዝላይዋ ላይ የሚታየው ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጎድላት ኃይሉን ቶሎ ማውጣት ነው። የሶቪየቱ አሰልጣኝ ዩሪ ቬርኾሻንስኪ በ1960ዎቹ ያዳበረው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነበር፤ ከሳጥን ላይ ወርዶ መሬት እንደነኩ ወዲያው መዝለል። ጡንቻና ጅማት በድንገት ሲለጠጡ ያጠራቀሙትን ኃይል መሬት ላይ ሳይዘገዩ ይመልሱታል። አሜሪካኖች በኋላ ፕላዮሜትሪክስ ያሉት ይህንና መሰሎቹን ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሳጥን ላይ ለሚወጣ ሁሉ ተሰጥቷል፤ በድካም መካከል ሠላሳ ጊዜ ሳጥን ላይ መውጣት ላብ ያስወጣል እንጂ ቬርኾሻንስኪ ያሰበውን አይሠራም። እሱ የሚፈልገው ጥቂት ዝላይ፣ ሙሉ ዕረፍት፣ እያንዳንዱም በሙሉ ኃይል ነው።

ማን ምን እንደሚጎድላት ለማወቅ ጣሊያናዊው ካርሜሎ ቦስኮ ያስለመደው ንጽጽር ዛሬም ይሠራል። ተጫዋቿ መጀመሪያ ዝቅ ብላ ቆማ፣ ሳትወዛወዝ ትዘላለች፤ ቀጥሎ ቆማ ጀምራ በፍጥነት ዝቅ ብላ ትዘላለች። ሁለተኛው መብለጥ አለበት። ሁለቱም ዝቅተኛ ከሆኑ ብረት ይጠብቃታል። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ብዙም ካልበለጠው ግን መለጠጡን አልተጠቀመችበትም፤ ፈጣን ዝላይ ያስፈልጋታል። ይህ ሻካራ ምርመራ ነው፤ ቢሆንም ለ15 ልጆች አንድ ዓይነት ወረቀት ከማደል ይሻላል።

የዝላይ መለኪያ የራሱ ተንኮል አለው። በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ዱድሊ ሳርጀንት በ1921 ያቀረበው ፈተና ቀላል ነበር፤ ባለህበት ቁም፣ ዝለል፣ ምን ያህል እንደወጣህ ይለካ። ፈተናውን ያቀረበበት ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ወንድ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ግን ከ1881 ጀምሮ በካምብሪጅ ሴቶችን የሚያሠለጥን የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው። ዛሬ ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙት በአየር ላይ የቆየችበትን ጊዜ የሚቆጥር ምንጣፍ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር የዘለለች 0.57 ሰከንድ፣ 45 የዘለለች 0.61 ሰከንድ አየር ላይ ትቆያለች። ስትወርድ ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ የምትይዝ ልጅ ያንን የመቶኛ ሰከንዶች ልዩነት ሳትጠነክር ታገኘዋለች፤ ለስድስት ወር የተለፋበት ዕድገትና የጉልበት እጥፋት በምንጣፉ ላይ አይለዩም። እጅ መወዝወዝ ተፈቅዶ ከሆነም እንዲሁ ከፍታው ይጨምራል። ቁጥሩ የሚታመነው አለካኩ ሁልጊዜ አንድ ሲሆን ነው። ከባድ ቁጭ ብድግ በተሠራ ማግስት የተወሰደ ልኬትም ድካምን እንጂ አቅምን አይናገርም።

ከመዝለሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። በ2.97 ሜትር በሰከንድ የወጣች ልጅ ወደ ወለሉ የምትመለሰው በዚያው ፍጥነት ነው። ዝላይዋን ያሳደገ ሥልጠና ሁሉ ጉልበቷ የሚቀበለውን ምት አብሮ አሳድጓል። በኤንሲኤኤ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ1995 የወጣ ጥናት የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ጉዳት በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በእግር ኳስ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በቅርጫት ኳስ አራት እጥፍ ገደማ እንደሚበዛ አሳይቶ ብዙዎችን አስደንግጧል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ማንም ሳይነካት፣ ስትወርድ ወይም በድንገት ስትታጠፍ ነው፤ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ከፊት ያለው የጭን ጡንቻ ይጎትታል፣ ከኋላ የሚይዘው የቋንጃ ጡንቻ ይዘገያል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ቲሞቲ ሂዌትና ባልደረቦቹ 11 የሁለተኛ ደረጃ ሴት የመረብ ኳስ ተጫዋቾችን ለስድስት ሳምንት በዝላይ ልምምድ አሠለጠኑ። አወራረድ እንደ አንድ ክህሎት ይሰጥ ነበር፤ ብረትም ነበረበት። ዝላያቸው 10 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ሲያርፉ በሰውነታቸው ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ምት 22 በመቶ ቀነሰ። የቋንጃ ጡንቻቸው በተለይ በጠንካራው እግር በኩል እጅግ በረታ። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም አቅጣጫው በኋላ በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ተደግፏል። ከፍ ብሎ መዝለልና በደህና መውረድ በአንድ ልምምድ ሊገኙ ይችላሉ፤ የሚለያዩት አሰልጣኙ የዝላዩን ቁጥር ብቻ ሲጽፍ ነው።

ዝላይን ለመጨመር ክብደት መቀነስ የሚለው አቋራጭ በሴቶች ቡድን ውስጥ ሁልጊዜ ሰሚ አያጣም። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ይሠራል፤ አንድ ኪሎ ቢቀንስ ሁለት ኪሎ ግፊት ይተርፋል። ሰውነት ግን ወረቀት አይደለም። የምትበላው ለልምምዷ ካልበቃት የወር አበባዋ ይዛባል ወይም ይቀራል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ያነሳችው ብረትም ጡንቻ አይሆንላትም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ችግሩን ሰፋ አድርጎ በአንድ ስም ያጠቃለለው ጣጣው ከአጥንት አልፎ ልብን፣ የበሽታ መከላከያንና ስሜትን ስለሚነካ ነው። የወር አበባዋ ለወራት የቀረባት ተጫዋች የዝላይ ዕቅድ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋታል። በሌላ በኩል ልምምድን ከወር አበባ ቀናት ጋር ማዛመድ አሁን ፋሽን ሆኗል፤ እስካሁን ያለው ማስረጃ በአማካይ የሚያሳየው ልዩነት በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ልጅቷ ራሷ የሚሰማትን ጠይቆ መሥራት ይበልጣል።

ጊዜ ግን ጠባብ ነው። በኤንሲኤኤ ደንብ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፤ ከወቅቱ ውጪ 8 ሰዓት ብቻ የሚፈቀድባቸው ሳምንታት አሉ። የመረብ ኳስ ወቅት ከኦገስት መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ነው። በእነዚህ ወራት ተጫዋቿ በልምምድም በጨዋታም ያለማቋረጥ ስለምትዘል ተጨማሪ ዝላይ መስጠት የጉልበቷን ጅማት ማስቆጣት ነው። ከባድ ብረትን ግን ጨርሶ ማቆም ሌላ ስሕተት ነው፤ ወቅቱ ሳያልቅ ጥንካሬው ይሸሻል፣ የሚሸሸውም ትልልቆቹ ጨዋታዎች በሚመጡበት በኖቬምበርና በዲሴምበር ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት አጭር ክፍለ ጊዜ፣ ጥቂት ድግግሞሽ፣ ክብደቱ ግን ሳይቀንስ፤ ያገኘችውን ለማቆየት ይህ ይበቃል።

ለማሳደግ የሚተርፈው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪልና የበጋው ዕረፍት ነው። አራት ዓመት የምትጫወት ልጅ አራት የውድድር ወቅት ይኖራታል፤ ለውድድር የሚጠቅማት የጃንዋሪ ወራት ግን ሦስት ብቻ ነው፤ አራተኛው የሚመጣው የመጨረሻ ጨዋታዋን ከተጫወተች በኋላ ነውና። ከሦስቱ የመጀመሪያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ተረከዝ እንዳይነሳ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ጀርባ እንዳይጎብጥ በማረም ነው። በ15 ዓመቷ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዶ ዘንግ ተሸክማ ቁጭ ብድግን በሥርዓት የተማረች ልጅ ያንን የመጀመሪያ ጃንዋሪ ክብደት በመጨመር ትጀምራለች።